የጋሽ ሣሩ ጋሪ

«ከነጎማዋ በኪሎ ውሰዳት፤ ከቤት ትውጣልኝ እንጂ ሌላ ነገር አልፈልግም» አለ ማሙሽ በስልክ። ይህን ያለው ውጭ ወጥቶ ወይም ጓዳ ገብቶ አይደለም፤ አባቱ ከጠረጴዛው ማዶ ዳቧቸውን ሻይ ውስጥ እየነከሩ በሚበሉበት፣ እጅ ቢዘረጋ በሚደረስበት ቦታ ቁጭ ብሎ ነው። ጋሽ ሣሩ ዳቧቸውን ነከሩ፣ ጎረሱ፣ አላመጡ፣ ዋጡ። ከዚያ ጥግ ላይ ባለው የስፌት መኪናዋ ላይ ወዳቀረቀረችው ታላቅ ልጃቸው ዞር ብለው፣ «ለወንድምሽ ንገሪው፣ አባትህ በሕይወት እያለ ዕቃው አይሸጥም በይው» አሉ። ማሙሽም ስልኩን ዘጋና ወደ እህቱ ዞረ። «ለአባባ ንገሪያቸው፣ የሸጥኩት ብረት ነው፣ እሳቸውን አልሸጥኩም በያቸው።»

እትዬ በከንፈሯ የያዘችውን መርፌ አወጣች፣ ሁለቱንም በየተራ አየቻቸው፣ መልሳ ነከሰችው። ሁለቱም የተባለውን ሰምተዋል፤ ጆሮ ያጣ ሰው በዚያ ቤት የለም። ግን አባትና ልጅ ከተኳረፉ ወዲህ በዚህች ቤት ወሬ የሚያልፈው በእሷ በኩል ብቻ ነው። ጨው አቀብለኝ በእሷ በኩል፣ በሩን ዝጋው በእሷ በኩል። አንዳንዴ ሰልችቷት ዝም ብትል እንኳ፣ መልእክቱ የተላከለት ሰው እሷ ራሷን እስክትነቀንቅ ድረስ እንዳልሰማ ሆኖ ይጠብቃል። ወይ ጉድ፣ ደመወዝ የሌለው ሥራ ስንቱ ታየ! ደንበኛ ቀሚሷን ልትለካ ስትመጣ እንኳ እትዬ አፏ ላይ መርፌ፣ አንገቷ ላይ ሜትር፣ መሐል ላይ ደግሞ ሁለት ኩርፊያ ይዛ ነው የምትሠራው።

የጠቡ መነሻ ግቢው በር አጠገብ ባለችው ክፍል ውስጥ የቆመችው የጎልፍ ጋሪ ናት። ጋሽ ሣሩ ይህን ስም ያገኙት፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ አንድ የጎልፍ ክለብ ውስጥ ሣር ሲያጭዱ፣ ሣር ሲያጠጡና ተጫዋቾቹን የሚያመላልሱትን ጋሪዎች ሲጠግኑ ስለኖሩ ነው። ክለቡ ተዘግቶ ቦታው ላይ ፎቅ ሊሠራ ሲባል፣ ሌላው ሠራተኛ ሰዓትና ብርድ ልብስ ተቀብሎ ሲሸኝ፣ እሳቸው «ለእኔ ጋሪዋን ስጡኝ» አሉ፤ ተሰጣቸው። በቤንዚን የምትሄድ፣ ከፊት ሁለት ሰው፣ ከኋላ ደግሞ ጀርባውን አዙሮ የሚቀመጥ ሁለት ሰው የምትይዝ፣ ጣሪያዋ ጥግ ላይ የተሰነጠቀ ጋሪ ናት። ጉልበታቸው እየከዳቸው ነበርና እግር ሆነቻቸው። ዳቦ ለመግዛት በእሷ፣ ዳገቱ ጫፍ ላይ ዋርካ ሥር ከሚሰበሰቡት እኩዮቻቸው ዘንድ በእሷ ነበር። ዘንቢል የከበዳት ሴት፣ ወገቡን የያዘው ሽማግሌ ሁሉ ያሳፍሩኝ እያለ መንገድ ላይ ይጠብቃቸው ስለነበር፣ ከቤት ሲወጡ አንገታቸው ቀና ይል ነበር።

ከዚያ ታመመች። ጠዋት ትነሳለች፣ ከግቢ ትወጣለች፣ ዳገቱን ትጀምራለች፣ ዳቦ ቤቱ ፊት ስትደርስ ቀጥ ትላለች። ጋሽ ሣሩ ያልፈቱት ብሎን አልነበረም። ካንዴላ ቀየሩ፣ ካርቡሬተር አጠቡ፣ የቤንዚን ማጣሪያ ለወጡ። አዲስ ቤንዚን ሲጨምሩባት ደግሞ ለጊዜው ደህና ስለምትሆን፣ «የዛሬ ጊዜ ቤንዚን ካደረ ውሃ ነው» ብለው ማደያውን ሲራገሙ ሰነበቱ። በመጨረሻ ጭራሽ አልነሳም ስትላቸው መፍቻዎቻቸውን በጨርቅ ጠቅልለው አልጋ ሥር አስገቡና ተቀመጡ። እሷም አርጅታለች፣ እኔም አርጅቻለሁ አሉ። ባለፈው ሰሞን ደግሞ የውጭ ጫማቸውን ለእትዬ ሰጥተው፣ «ለሚያስፈልገው ሰው ስጪው፣ እኔ የት እሄድበታለሁ?» ሲሏት አንጀቷን በላት። ጫማውን ለማንም አልሰጠችም። ከጨርቅ ቁራጮቿ ሥር ደበቀችው።

ማሙሽም ቢሆን ክፉ ልጅ ሆኖ አይደለም። ጺም አውጥቶ፣ ሚስት አግብቶ፣ የመድን ድርጅት ውስጥ ከረባት አስሮ እየሠራ እስከ ዛሬ ማሙሽ የሚባለው፣ እናቱ ሕፃን ሆኖ ስለሞቱበትና በእህቱ እጅ ስላደገ ነው። አሁን ሚስቱ ወሯ ገብቷል። ቤቱ ጠባብ ነው፤ ለሚወለደው ልጅ የምትሆን ክፍል ብትፈለግ ያቺው የጋሪዋ ክፍል ናት። አንድ ቀን ታዲያ፣ «ለማትነሳ ጋሪ ክፍል ተገኝቶ ለሚወለድ ልጅ ይጥፋ?» የምትል ቃል ከአፉ አመለጠችው። አባቱም፣ «ልጅህን ጋሪዋ ላይ አስተኛው» አሉት። በቃ፣ በዚያው ተዘጋጉ። እውነቱን ለመናገር ሁለቱም እውነት ነበራቸው፤ የሚያስቸግረውም ይኸው ነው።

ብረት ገዢው ከምሳ በፊት እመጣለሁ ብሏል። እትዬ የምትሰፋውን እጅጌ አስቀመጠችና ወንድሟን ተከትላ በረንዳ ወጣች። «ሰውየው ሳይመጣ ብትነሳስ?» አለችው።

«ስንቴ ተነስታ ስንቴ ሞተች፣ እትዬ?»

«ዳገቱን ከወጣችስ? እስከ ክሊኒኩ?»

ማሙሽ ሳቅ አለ። ሚስቱ በዚያው ረፋድ ዳገቱ ጫፍ ላይ ያለው ክሊኒክ ቀጠሮ ነበራት። የውሃ ቧንቧ ቀባሪዎቹ መንገዱን ግማሹን ቆፍረውት ታክሲ ስለማያልፍ፣ እያረፈች በእግሯ ልትወጣው ነበር። «ክሊኒኩ ድረስ ከወጣች ለሰውየው ደውዬ አስቀረዋለሁ። ካልወጣች ግን እንዳታለቅሺብኝ» አላት። እትዬም ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ፣ የአባቷን መፍቻዎች ከአልጋው ሥር ጎትታ ወደዚያች ክፍል ገባች። እስከዚያ ቀን ድረስ ከስፌት መኪና በቀር የምታውቀው ሞተር አልነበረም።

ጋሽ ሣሩ አልተከተሏትም። «የሞተ አልገንዝም» ብለው ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተቀመጡ። ግድግዳው ደግሞ የዚያች ክፍል ግድግዳ ነው፤ ለጆሯቸው ሳይመቻቸው አልቀረም። እትዬ ቁልፉን አዙራ ፔዳሉን ስትረግጠው ከወንበሩ ሥር ቀጭ የሚል ድምፅ ብቻ ተሰማ። ደገመችው፣ ቀጭ። የጎልፍ ጋሪ እንደ መኪና በቁልፍ አይነሳም፤ ቁልፉ ፈቃድ ይሰጣል እንጂ የሚቀሰቅሰው ፔዳሉ ነው። ሲረግጧት ትነሳለች፣ ሲለቋት ዝም ትላለች። ሦስተኛ ልትረግጠው ስትል ከግድግዳው ወዲያ ድምፅ መጣ። «ባትሪው ነው። ጫፎቹን እዪያቸው።»

የባትሪው ጫፎች ነጭና አረንጓዴ አብቅለው ነበር። በሙቅ ውሃ አጠበቻቸው፣ በሽቦ ብሩሽ ፈተገቻቸው፣ አጥብቃ መልሳ አሰረቻቸው። አሁንም ቀጭ። ባትሪው ራሱ ባዶ ነበር። ጥግ ላይ ካለው ባለሱቅ ዘንድ ሮጣ ሄደችና መብራት ሲጠፋ የሚያበራበትን ባትሪ ለመነችው። ባለሱቁ፣ «ጋሽ ሣሩ ሊወጡ ነው?» አለ። «እንጃ፣ ይወጡ ይሆናል» አለችው። ሰውየው ሌላ ነገር ሳይጠይቅ ባትሪውን ተሸክሞላት እስከ ደጃፍ መጣና፣ «ሲወጡ እኔን ሳያሳዩኝ እንዳያልፉ» ብሎ ተመለሰ። ባትሪው ሲታሰር ሞተሩ ገር ገር ገር እያለ በኃይል ዞረ፤ ግን እሳት አልያዘም። ገር ገር ብቻ ሆነ።

«አሁን ካንዴላውን ፍቺ» አለ ግድግዳው። «ከገመዱ ጋር አድርገሽ ብረት አስነኪውና፣ ሲዞር እሳት ይረጭ እንደሆነ...» ድምፁ ቀጥ አለ። ቀጥሎ የተሰማው ወንበር ሲወድቅ ነው። ጋሽ ሣሩ ምርኩዛቸውን እየወጉ በሩ ላይ ደረሱ። «ተይ፣ ተይ፣ አንቺ ልጅ! ቤንዚን ያለበት ዝግ ቤት ውስጥ እሳት ይታያል? መጀመሪያ ወደ ውጭ እንግፋት።» ከስንት ጊዜ በኋላ የክፍሏን ደፍ ሲረግጡ ያቺው ቀን የመጀመሪያቸው ነበር። ሁለቱ ገፍተው ጋሪዋን ግቢው መሐል፣ የልብስ ማስጫው ገመድ አጠገብ አቆሟት። ማሙሽ በመስኮት ያያቸው ነበር። መጋረጃውን ለቀቀው።

እትዬ ካንዴላውን ፈትታ በደረቅ ጨርቅ ይዛ ብረት ስታስነካው፣ ጋሽ ሣሩ ፔዳሉን በምርኩዛቸው ጫፍ ተጫኑት። ሰማያዊ እሳት ጠስ ጠስ አለ። «እሳቱ ደህና ነው» አሉ፣ ካንዴላውን ተቀብለው አገላብጠው እያዩ። ከዚያ አሸተቱት። «ደረቅ ነው። ይሄን ያህል ዞሮ ደረቅ ነው ማለት ቤንዚን አልደረሰውም ማለት ነው። አላልኩሽም? ቤንዚኑ ነው። ካደረ አይረባም።»

«አባባ፣ የማይረባ ቤንዚንም ቢሆን እኮ ያረጥባል» አለች እትዬ።

ጋሽ ሣሩ ካንዴላውን እንደገና አሸተቱት። እትዬ ቤንዚን መኖሩን ላረጋግጥ ብላ የፊቱን ወንበር አነሳችው። ታንኩ እዚያ ሥር ነው ያለው። ነገር ግን ክዳኑ አይታይም ነበር። በላስቲክ ከረጢት ተሸፍኖ፣ በላዩ በብስክሌት ውስጠኛ ጎማ ቁራጭ እየተጠማዘዘ እየተጠማዘዘ ተጠቅልሎ፣ እንደ ሕፃን ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል። ቋጠሮው ያማረ ነው፤ የማን እጅ እንደሆነ ወዲያው አወቀች። ፈታችው። ጎማው ብዙ ነበር፣ አላልቅ አላት። ክዳኑን ለመክፈት ስትታገል ደግሞ አንዳች ነገር ከውስጥ የያዘው ይመስል እምቢ አለ፤ በሁለት እጇ ጨብጣ ስታዞረው ፉሽሽ ብሎ አየር ወደ ውስጥ ሳበ። ታንኩ ቤንዚን ሞልቶበታል።

እትዬ በእጇ ክዳኑን እንደያዘች ቆመች። ያን ድምፅ ታውቀዋለች። ማሙሽን ስታሳድግ አንዲት ጡጦ ነበረች፤ ክዳኗ ከመጠን በላይ ከጠበቀ ሕፃኑ ይጠባል፣ ይጠባል፣ ጫፏ ሙሽሽ ብላ ትጣበቅና ወተት መምጣቱ ይቀራል። ማሙሽ ቤቱን በለቅሶ ያቀልጠዋል፣ እሷ ገና ልጅ ናት፣ አብራው ታለቅሳለች። ጎረቤት የነበረች አዋላጅ ነች ያስተማረቻት። ክዳኑን ላላ አድርጊለት፣ አየር ሳይገባ ወተት አይወጣም አለቻት። ክዳኑ ላላ ሲል ፉሽሽ ይላል፣ ልጁም ዝም ብሎ ይጠባል።

«አባባ» አለች ቀስ ብላ፣ «ይሄ ክዳን ማስተንፈሻ አለው?»

ጋሽ ሣሩ ክዳኑን ተቀበሏት። ገለበጡት። መሐሉ ላይ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በጥፍራቸው ነካኳት። ክው አሉ። «አለው» አሉ። «እንዴታ፣ አለው እንጂ። እንዳትተነፍስ አድርጌ አፍና አፍንጫዋን አስሬ...» ምርኩዛቸውን ተደግፈው ጋሪዋ ላይ ተቀመጡ። በሚሞሉ ጊዜ ይፈቱታል፣ አየር ይገባል፣ ትነሳለች፤ መልሰው ያስሩታል፣ ዳቦ ቤቱ ፊት ስትደርስ ታንኩ ታፍኖ ቤንዚን አላሳልፍ ይላል። ጥፋቱን ሁሉ ማደያው ተሸክሞላቸው ኖሯል።

«ግን ለምን አሰሩት?»

ጋሽ ሣሩ ወደ መስኮቱ ተመለከቱ። የማሙሽ ሚስት ለቀጠሮዋ ለብሳ፣ ሆዷን በእጇ ደግፋ ታያቸው ነበር። «ሽታው ነዋ። መጀመሪያ ሰሞን ያቺ ልጅ በዚያ በር ባለፈች ቁጥር ያስመልሳት ነበር። ሰው ሳይናገረኝ እኔው ላጥፋው ብዬ ነው። ክለቡ ውስጥ እንደሆነ ጋሪዎቹ ሜዳ ላይ ያድራሉ፣ ሽታ ብሎ ነገር አላውቅም። ሆዷ ሲገፋ ማስመለሱን ተወች፣ እኔ ደግሞ ማሰሩን ለመድኩት።» እትዬ መሳቅም ማልቀስም አማራት፤ ሳቁ ቀደማት። እሷ ስትስቅ ሽማግሌውም ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ዓይናቸው እንባ እስኪያቀርር ሳቁ።

ካንዴላውን መልሰው አሰሩ፤ ክዳኑንም ብቻውን፣ ያለ መጠቅለያ ገጠሙት። እትዬ መሪው ኋላ ተቀምጣ ፔዳሉን ረገጠች። ገር ገር ገር፤ አንዴ ሳለች፣ ሁለቴ ሳለች፣ ሰማያዊ ጭስ ትፍ አለችና ሞተሩ ተቀበለ። ጋሪዋ ለካ ስትነሳ መንቀሳቀሷም አብሮ ነው፤ ይህን እትዬ ልብ አላለችውም። ጋሪዋ ዘላ ሄዳ የልብስ ማስጫውን ገመድ በጣሪያዋ ይዛ፣ የማሙሽን ነጭ ሸሚዝ እንደ ባንዲራ እያውለበለበች ግቢውን አቋረጠች። «ልቀቂው፣ ፔዳሉን ልቀቂው!» እያሉ ጋሽ ሣሩ ያለ ምርኩዝ ሁለት ሦስት እርምጃ ተከተሏት። ለቀቀችው። ጋሪዋ ግንቡ ሥር ቆማ ዝም አለች። ማሙሽ በረንዳው ላይ ወጥቶ፣ «ይኸው፣ ሞተች» አለ ለእህቱ። ጋሽ ሣሩ ደግሞ ለልጃቸው፣ «ለወንድምሽ ንገሪው፣ አልሞተችም፣ ቁጭ አለች በይው» አሉ።

ማሙሽ ሸሚዙን ከጣሪያው ላይ ሊያወርድ ወረደ። «ምኗን ነው ያመማት?» አላት እህቱን በቀስታ። እትዬ ያን ረጅም የጎማ ቁራጭ እጁ ላይ አስቀመጠችለት። «አባባ ናቸው ክዳኑን ያሰሩት። ሽታው ሚስትህን እንዳያስመልሳት ብለው። ጋሪዋም ትንፋሽ አጥታ ነው፤ ሕፃን ሳለህ ክዳኗ ጠብቆ ወተት እምቢ ትልህ እንደነበረችው ጡጦ።» ማሙሽ ጎማውን አየው። ጥምዝምዙ ገና አልለቀቀም ነበር። ጎማውን ጠቅልሎ ኪሱ ውስጥ ከተተው። በዚህ መሐል የግቢው በር ተንኳኳ። ብረት ገዢው ሚዛኑን በትከሻው አንግቦ፣ ከኋላው ሁለት ገፊ አስከትሎ ቆሟል።

«ትንሽ ይጠብቁን» አለችው እትዬ። «ዳገቱ ላይ ከወደቀች ያነሷታል። ካልወደቀች ሻይ ጠጥተው ይሄዳሉ።»

ጋሽ ሣሩ መሪውን ያዙ። ከዚያ እግራቸውን አዩ፤ ነጠላ ጫማ ነው ያደረጉት። «አንቺ፣ ያ ጫማ...» አሉ። እትዬ ሮጣ ገባች፤ ከጨርቅ ቁራጮቹ ሥር አውጥታ፣ አቧራውን በቀሚሷ ጠርጋ፣ ተንበርክካ ራሷ አደረገችላቸው። የማሙሽ ሚስት ከጎናቸው ተቀመጠች። «አባባ፣ አደራዎን ቀስ ይበሉ» አለቻቸው። እትዬ ከኋላ፣ ጀርባዋን አዙራ ተቀመጠች። ማሙሽ አልተሳፈረም፤ ቦታ ጠፍቶ ሳይሆን፣ ስትቆም እገፋታለሁ ብሎ ነው።

ባለሱቁ ሱቁን ጥሎ ወጣ። ዋርካው ሥር የሚሰበሰቡት ሽማግሌዎች እንኳ ከላይ ሆነው ድምፁን ለይተውት ቆመዋል። ጋሪዋ ዳገቱን ስትጀምር፣ ማሙሽ ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ መዳፉን ከኋላዋ ወንበር አንድ ስንዝር አርቆ ይከተላት ጀመር። ልብሱ የቢሮ፣ ጫማው የቢሮ ነው። እትዬ ፊት ለፊት ስለምታየው ፊቱ ላይ ላቡ ሲወርድ ትቆጥርለታለች። ቧንቧ ቀባሪዎቹ ሥራቸውን አቁመው ጉድጓዱ ላይ ሳንቃ አነጠፉላቸው፤ ጋሪዋ ሳንቃውን አንኳክታ አለፈችው። ዳቦ ቤቱ ደረሰ። ያ ቦታ ነው። ጋሽ ሣሩ ፔዳሉን ይበልጥ ረገጡት፣ የማሙሽ ሚስት ሆዷን ያዘች፣ እትዬ ትንፋሿን ዋጠች፣ ማሙሽ እጁን ወደ ወንበሩ አስጠጋ። ሞተሩ ድምፁን አጎረነነ፣ ትንሽ ተንገራገጨ፣ ከዚያ እንደውም ጉልበት ጨመረ። ዳቦ ቤቱ ወደ ኋላ ቀረ። ዳቦ ጋጋሪዋ ዱቄት የነካ እጇን ስታውለበልብ እትዬ ከሩቅ አየቻት፤ ያን ጊዜ ነው ድምፅ አውጥታ እልል ያለችው። ማሙሽ እጁን እንደዘረጋ ሮጠ፣ ሮጠ፤ ጋሪዋ ግን አንድ ጊዜም እንድትገፋ አልፈለገችም። ከኋላ ቀረ።

ክሊኒኩ በር ላይ ዘበኛው የብረት መዝጊያውን ወለል አድርጎ ከፈተላቸው። ጋሽ ሣሩ ፔዳሉን ለቀቁ፣ ጋሪዋ ዝም አለች። ምራታቸውን እጇን ይዘው አወረዷት፤ ወገባቸው ቀጥ ብሎ ነበር። ማሙሽ እያለከለከ፣ ከረባቱ ትከሻው ላይ ወጥቶ ደረሰ። ስልኩን አወጣ፣ ደወለ፣ «ሻይህን ጠጥተህ ሂድ» ብቻ ብሎ ዘጋው።

ሽማግሌው ተመለከቱት። «ለወንድምሽ ንገሪው...» ብለው ጀመሩና አቋረጡ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ምርኩዛቸውን ጋሪዋ ላይ ትተው፣ በዚያ ጫማ ሁለት እርምጃ ተራምደው ልጃቸው ፊት ቆሙ።

«ማሙሽ።»

«አቤት አባባ።»

«ያቺን ክፍል ነገ ቀለም ቀባት። ሽታው ቶሎ የሚለቅ ቀለም ፈልግ። ጋሪዋ ደጅ ታድራለች።»

«እሺ። ዝናቡስ?»

«ሸራ ትገዛላታለህ። ስትጠቀልላት ግን አታጥብቅባት።»

ማሙሽ ኪሱ ውስጥ ያለውን ጎማ ያዝ አደረገና ሳቀ፤ ሽማግሌውም ሳቁ። እትዬ ከኋላ ወንበሯ ላይ ሆና፣ በለመደችው መሠረት መልእክቱን ልታደርስ አፏን ከፍታ ነበር። ማንም ወደ እሷ አልዞረም። አፏን ዘጋችና እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች።